የዓሣው አጀንዳ

አባቴ ስለ ዓሣ መናገር ሲጀምር ልብ ያደርቅ ነበር። ዓሣ አጥማጅ ቢሆን ደግ፤ ልብስ ሰፊ ነው። ዓሣ ወዳጅ ቢሆን ደግ፤ እናቴ ሠርታ ስታቀርብለት እሾሁን እየፈራ ግማሹን ትቶ የሚነሣ ሰው ነው። ደርግ ሊወድቅ ወራት በቀሩት በዚያ ዓመት ግን፣ የጣና ዳሯ ቁንዝላ ቀበሌ ሊቀመንበር አቶ አንዳርጋቸው፣ ማለትም የእኔ አባት፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው አስቀምጦ ከጠዋት እስከ ቀትር ስለ ዓሣ ይናገራል። ዓሣ ሥጋ ነው ወይስ አይደለም? በጾም ይበላል ወይስ አይበላም? ሽታው ከሐይቁ ወደ ከተማው የሚገባው በየትኛው ነፋስ ነው? እኔ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ። ማፈርን የተማርሁት በዚያ ዓመት ነው።

የቀበሌው አዳራሽ ከጓሯችን ጋር በአንድ የሳንቃ ግድግዳ ይገናኛል። ሳንቃው በፀሐይ ተሰንጥቆ ስለነበር ዓይኔን ስንጥቁ ላይ ለጥፌ መድረኩንም፣ የፊት አግዳሚዎቹንም፣ በወዲያኛው መስኮት በኩል ሐይቁንም አያለሁ። የአባቴ ድምፅ እኔ ጋ ሲደርስ ጉሮሮው መድረቁ ያስታውቃል። ውሃ ይጠጣል፣ አፉን በመሐረብ ይጠርጋል፣ በመስኮቱ ወደ ሐይቁ አየት ያደርጋል፣ ከዚያ እንደገና «እንግዲህ ወደ ዓሣው ስንመለስ» ይላል። መች ከዓሣው ወጣና ነው የሚመለስ?

ዛሬ እኔም ባሕር ዳር ላይ ስብሰባ የምቀመጥ ሰው ሆኛለሁ። ዛሬም ጦርነት አለ፣ ዛሬም መንገድ ይዘጋል፣ ዛሬም አጀንዳችን የሚጀምረው ባለቤት ከሌላቸው ውሾች ነው። ቆሽቴ ሳያርር የወጣሁበት ስብሰባ የለም። እንዲያውም በአባቴ የወጣሁበት ነገር ቢኖር ይኸው ስብሰባ መጥላት ነው ብዬ አስብ ነበር።

ያኔ ጦርነቱ ወንድ ልጅ ይፈልግ ነበር። መጀመሪያ በአፈሳ ነበር የሚወስዱ፤ ነገር ግን የቁንዝላ ልጅ የወታደር መኪና ድምፅ ሲሰማ ታንኳውን ይዞ ሐይቁ ዳር ካለው ደንገል ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ማን ያገኘዋል? ታላቅ ወንድሜ ኪሩቤልና ጓደኛው የአሪፋ ልጅ ፈሀድ እዚያ ውስጥ ስንት ጊዜ አድረዋል። አልሆን ሲላቸው አዲስ መመሪያ መጣ። ከእንግዲህ አፈሳ የለም፤ የቀበሌው ኮሚቴ ራሱ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ዘማቾቹን በስም ጠርቶ ይወስን፣ ወላጅም እዚያው ይፈርም ተባለ። ይህንን የሚያስፈጽም ጓድ ገብረ ሕይወት የሚባል ካድሬ በየሁለት ሳምንቱ ከባሕር ዳር በመርከብ ይመጣል። በመመሪያው ላይ አንድ ነገር ነበረበት፤ ሕዝቡ እንዳይከፋ በማለት፣ መጀመሪያ የነዋሪው ብሶት ተሰምቶ ያልቃል፣ የእናት አገር ጥሪ የመጨረሻው አጀንዳ ነው።

የመጨረሻው አጀንዳ ላይ ከተደረሰ የመጀመሪያው ስም የወንድሜ እንደሚሆን ቤታችን ውስጥ ሁላችንም እናውቅ ነበር። የሊቀመንበር ልጅ ቀርቶ የማን ልጅ ይሄዳል? እናቴ ሙሉነሽ በስብሰባ ቀን ጠዋት ኪሩቤል ፊቱን ሲታጠብ ቆማ ታየዋለች፣ ጫማውን ሲያስር ቆማ ታየዋለች፣ እሱ ይበሳጫል። «ምን ሆነሽ ነው፣ እማዬ?» ይላታል። «ምንም» ትላለች። እኔ ይህን ሁሉ አያለሁ፣ ዓሣውንም እሰማለሁ። ሁለቱን ግን አንድም ቀን አላገናኘኋቸውም።

የዓሣው ባለቤት እትዬ ዘይነት ነበረች። ጨውና ደረቅ ዓሣ ትነግዳለች። ባሏ ጀላሉዲን ከሞተ ቆይቷል፤ ያላት አንድ ልጅ ተቅዋ ናት፤ ተቅዋ ደግሞ ጓደኛዬ ናት። የዓሣ ማድረቂያ ቆጧ ከወደቡ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወጣው መንገድ ዳር ላይ ነበር። ክረምቱ መውጫ ላይ አባቴ ይህ ቆጥ ይነሣ ሲል በስብሰባ ላይ ተናገረ፤ እሷም ብድግ ብላ መለሰችለት፤ በቃ፣ ጠቡ ያኔ ተጀመረ።

«ማድረቂያዬ እዚያ ቦታ ላይ የቆመው፣ ሊቀመንበር፣ እርስዎ መርፌ መያዝ ሳይችሉ ነው» አለች። ሰው ሳቀ።

«የእኔን መርፌ ሌላ ቀን እናነሣዋለን፣ ወይዘሮ ዘይነት። አሁን የተያዘው የዓሣው ነገር ነው።»

«የዓሣውስ ነገር ምንድን ነው? ዓሣ ይሸታል። ጥንትም ይሸት ነበር። ሐይቅ ዳር ተወልደው ዓሣ ሸተተኝ ይላሉ እንዴ?»

«በጾም ወቅት ምዕመናን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ…»

«ዓሣ ሥጋ ነው ያለው ማነው? ቄስ ተክለ ጊዮርጊስ እዚሁ ተቀምጠዋል፤ ይጠየቁ።»

ቄስ ተክለ ጊዮርጊስ ሲጠየቁ መልስ አይቸግራቸውም፤ የሚቸግራቸው ማብቃት ነው። ከኦሪት ይጀምራሉ። እሳቸው ሲጨርሱ ሼህ ኢስሀቅ ደግሞ በእነሱ ሃይማኖት ዓሣ እንዴት እንደሚታይ ለማስረዳት ይነሣሉ። ጓድ ገብረ ሕይወት መድረኩ ላይ ሆኖ እስክሪብቶውን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ ጉዳይ ባለፈውም ታይቷል» ይላል በመጨረሻ።

«ታይቷል፣ ግን አልተቋጨም። ያልተቋጨ የሕዝብ ብሶት ይዘን ወደ እናት አገር ጥሪ ብንሻገር መመሪያውን መጣስ አይሆንብንም ብለው ነው?»

ካድሬው የመመሪያውን ወረቀት ይገልጣል። ጣና ላይ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ በዚያ ላይ ሲመሽ ሐይቁ ላይ መርከብ እንዳይታይ በጦርነቱ ምክንያት ተከልክሏል፤ በዚያ ላይ ጓድ ገብረ ሕይወት ቁንዝላ ማደርን ከሞት አስበልጦ ይፈራል። ነፋሱ ውሃውን ማጥቆር ሲጀምር የመርከቡ ጡሩንባ ይነፋል። ካድሬው ወረቀቱን ይሰበስባል። «በሚቀጥለው ስብሰባ ከዚህ እንቀጥላለን» ይላል አባቴ። በሚቀጥለው ስብሰባም ከዚያው ይቀጥላል።

ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ቆጡ ይነሣ የሚልና ቆጡ ይቆይ የሚል፣ ጠላ ቤት ውስጥ በርጩማ የሚማዘዝ ሆነ። ትምህርት ቤት ልጆቹ ገና ሲያዩኝ አባቴን እየመሰሉ «እንግዲህ ወደ ዓሣው ስንመለስ!» ይሉኛል፣ በድንጋይ አባርራቸዋለሁ። የከፋው ግን ይኼ አይደለም። እናቴ አንድ ቀን ፀጉሬን እየሠራች «ለጊዜው እነተቅዋ ቤት አትሂጂ» አለችኝ።

«ለምን?»

«አባትሽና እትዬ ዘይነት ተጣልተው እያየሽ? ሰው ምን ይላል?»

ሰው ምን ይላል! ሰውማ የሚለውን ሁሉ ብሎ ጨርሷል። ከተቅዋ ጋር ደንገል እየገመድን ታንኳ የምንሠራበት የወደቡ ጥግ ላይ ከዚያ በኋላ ለብቻዬ ነበር የምቀመጠው፤ እሷ ከቆጡ ሥር ሆና ታየኛለች፣ እኔም አያታለሁ፣ ስንተያይ ሁለታችንም እናኮርፋለን። ለምን እንደምናኮርፍ አናውቅም፤ ትልልቆቹ ስላኮረፉ ነው። አንድ ጊዜ የአባቴ የስፌት መኪና ላይ አረንጓዴ ቀሚስ ሲሰፋ አየሁ፤ ልኬ ነበር፤ ለእኔ ነው ብዬ በደስታ እንዳላየሁ ሆንሁ። ለመውሊድ ተቅዋ ለብሳው ወጣች። ሦስት ቀን አላናገርሁትም አባቴን። ጠላቱ ሆና ሳለ ልጇን የሚያለብሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ዛሬ ሳስበው፣ ሰው ለጠላቱ ልጅ ኪስ ላይ አበባ ጠልፎ አይሰፋም፤ ያን አበባ አይቼ እንኳ አልገባኝም።

እንዲህ እንዲህ እያልን ጥምቀት ደረሰ። ከጥምቀት በኋላ፣ ገና ማለዳ፣ ቄስ ተክለ ጊዮርጊስና ሼህ ኢስሀቅ ሌሎች ሽማግሌዎች አስከትለው በራችን ላይ ቆሙ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት እነሱ ናቸው።

«ግቡ እንጂ፣ አባቶቼ፣ ተቀመጡ» አላቸው አባቴ።

«አንቀመጥም» አሉ ቄሱ። «ከዘይነት ጋር እታረቃለሁ ካላልህ አንቀመጥም።»

አባቴ የያዘውን መቀስ አስቀመጠ። «ይህ የቀበሌ ጉዳይ ነው፣ አባቴ። በቀበሌ ይለቅ።»

«ቀበሌማ ይኸው ከክረምት ጀምሮ ያዘው። ከተማው ሊፈርስ ነው፣ አንዳርጋቸው። ልጆች እየተደባደቡ ነው። ጦርነቱ መጣ መጣ እያለ እኛ በዓሣ እንተላለቅ?»

ሼህ ኢስሀቅም «እሷ ዘንድ ሄደን ነበር። እሺ ብላለች» አሉ። እሺ ባትልስ ምን ብላ እንቢ ልትል ኖሯል? ዛሬ የሚገባኝ ይህ ነው። እኛ አገር ሽማግሌ አቁሞ ፀሐይ ያሞቀ ሰው ለቅሶው ላይ እንኳ ሰው አይቆምለትም። ምክንያት ያለው ሰው ምክንያቱን ተናግሮ ይድናል፤ የእነሱ ምክንያት ደግሞ በር ላይ ቆሞ የሚነገር አይደለም፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወሬውን የካድሬው መርከብ ድረስ ቢያደርሰውስ? አባቴ ግድግዳውን አየ፣ መኪናውን አየ፣ እኔን አየኝ። «እሺ» አለ። ፊቱን ሳየው መርዶ የሰማ መሰለኝ።

ዕርቁ ወደቡ ላይ ካለው ዋርካ ሥር ሆነ። የክርስቲያኑን እርድ እስላሙ አይበላ፣ የእስላሙን ክርስቲያኑ አይበላ፤ ቢላዋ የማይባረክለት፣ ሁለቱም ከአንድ ትሪ የሚቆርሱት ነገር ዓሣ ብቻ ነው። ስለዚህ ዓሣ ቀረበ። ሽማግሌዎቹም ጠቡን ለመፍታት የፈጀባቸው አንድ ጉርሻ ተኝኮ እስኪዋጥ ያህል ነው። ቆጡ ጥቂት ክንድ ወደ ሐይቁ ፈቀቅ ይበል፤ መንገዱም ይለቀቃል፣ ሽታውም ወደ ውሃው ይሄዳል። አለቀ። በልጅነት አእምሮዬ ደሜ ፈላ። እንዲህ ቀላል ከነበረ ያ ሁሉ ወር ምን ነበር? ትልልቅ ሰዎች በሙሉ ቂል ናቸው ብዬ ደመደምሁ።

ከዚያ ማሉ። አባቴ በቄሱ መስቀል፣ እትዬ ዘይነት በቁርኣን። ይህን ነገር ዳግመኛ በአዳራሽም፣ በገበያም፣ በማንም ፊት ላያነሡት። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔና ተቅዋ እልልታው ሳያበቃ ሮጠን እግራችንን ውሃ ውስጥ ነከርን። በሕይወቴ ያን ያህል የተደሰትሁበት ቀን ጥቂት ነው። ዞር ስል አባቴ ትሪው ላይ እጁን ዘርግቶ አንድም ሳይቆርስ ተቀምጧል። እትዬ ዘይነት አጠገቡ ሆና እሾህ እንደ ሰነቀረው ሰው ትውጣለች። እናቴን ከዋርካው ጀርባ አገኘኋት፤ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። ደስ ብሏት መሰለኝ። «ደስ አይልም፣ እማዬ?» አልኋት። «ደስ ይላል፣ ልጄ» አለችኝ።

ቀጥሎ የሆነው ስብሰባ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ተቅዋ በስንጥቁ ከአጠገቤ ናት፤ ጉንጫችን ተጣብቋል። ጓድ ገብረ ሕይወት ሳቅ ሳቅ ብሎታል፤ ዕርቁን ሰምቷል። አባቴ የትምህርት ቤቱን ጣሪያ አነሣ፤ ካድሬው ይጠገናል ብሎ ዘጋው። አባቴ ውሾቹን አነሣ፤ ካድሬው ይገደላሉ ብሎ ዘጋው።

«ብሶት የሚያቀርበው ሊቀመንበሩ አይደለም፤ ነዋሪው ነው» አለ ጓድ ገብረ ሕይወት። «ከነዋሪው ብሶት ያለው አለ?»

የሚናገር ጠፋ። ብሶት ስላልነበረ አይደለም፤ ካድሬ ፊት ቆሞ ብሶት አለኝ ማለት የለመደች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ሌላው ተሰብሳቢ አንገቱን ደፋ። ሐይቁ በመስኮቱ ውስጥ ጸጥ ብሏል፤ ገና ጠዋት ነው። ወንድሜ ኪሩቤል ከፈሀድ ጋር ከኋላ አግዳሚ ላይ ነበር፤ በዚያ ቀን መሸሽ ክልክል ነው፤ የሸሸ ካለ አባቱ ይታሰራል።

«ከሌለ ወደ መጨረሻው አጀንዳ እንሂድ። ጓድ ሊቀመንበር፣ ስሞቹን ያንብቡ።»

አባቴ ተነሣ። ያ ስለ ዓሣ ቀን ሙሉ የማይደክመው ሰውዬ አፉን ከፍቶ ዝም አለ። ጉሮሮውን ጠረገ። ወረቀቱን ገለበጠ። አባቴ ታሞ መሰለኝ።

«አቤቱታ አለኝ» የሚል ድምፅ ተሰማ። እትዬ ዘይነት ቆማለች።

የካድሬው ሳቅ ጠፋ። «ምን አቤቱታ?»

«የዓሣ ማድረቂያዬ ነገር ነው። ፈቀቅ ይበል የተባለው አለአግባብ ነው። ቦታዬን ተቀምቻለሁ።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ተቅዋ ጉንጯን ከጉንጬ አላቀቀች። ሼህ ኢስሀቅ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ዘይነት፣ ምለሻል።»

«ምዬ ነበር፣ ሼሁ።»

«በቁርኣን ምለሻል።»

«አዎ። አፍርሼዋለሁ።»

ቄስ ተክለ ጊዮርጊስም ተነሡ። «ምነው ልጄ፤ ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ እንዳልነበር የአገራችን ወግ!»

እትዬ ዘይነት ቄሱን አላየቻቸውም። ወደ እናቶቹ አግዳሚ ዞረች፤ እናቴ ከተቀመጠችበት፣ የፈሀድ እናት አሪፋ ከተቀመጠችበት። «እሱን እንግዲህ የወለዱት ይበሉት» አለች።

ከእናቶቹ አግዳሚ አንዲትም ቃል አልወጣም። ያኔ እኔ ይህን ድፍረት ነው ያልሁት፤ ለሽማግሌ እንዲህ ይመለሳል? ከዚያ ወሬዋን ቀጠለች። ቆጡን ባሏ ጀላሉዲን እንዴት እንደ ተከለው፣ እንጨቱ ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንደ ተሸከመው፣ ሽታ ማለት ምን ማለት እንደሆነ። ካድሬው ጠረጴዛ መታ። አባቴም ድምፁ ተመለሰለት፤ «ብሶት ነው፣ ጓድ፤ መመሪያው ነው» አለ፣ እሱም ተቀበላትና ተከራከራት። እሱ መሐላውን አላፈረሰም እንኳ፣ የተነሣበትን ነው የመለሰው፤ ከተማው በኋላ እንዲህ ብሎ እሱን ብቻ ነፃ አወጣው። ሐይቁ መጥቆር ጀመረ። ጡሩንባው ተነፋ። ጓድ ገብረ ሕይወት ሲወጣ በሩን እንደዚያ አድርጎ ሲወረውረው የሳንቃው አቧራ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

ዓይኔን አሽቼ ስመለስ ተቅዋ ሄዳለች።

ያ የመጨረሻው ስብሰባ ሆነ። የካቲት ሳይወጣ የደርግ ጦር ባሕር ዳርን ለቀቀ፤ ካድሬውም ዳግመኛ አልመጣ፣ መርከቡም ለጊዜው ቆመ። ኪሩቤል አልሄደም። ፈሀድ አልሄደም። ከቁንዝላ በዚያ ጥሪ አንድም ልጅ አልሄደም። እትዬ ዘይነት ግን ከዚያም በፊት ሄዳለች። ጨውዋን የሚገዛ ጠፋ፤ ሼህ ኢስሀቅ ሰላምታዋን አልመልስ አሉ፤ የምለው ሳጣ እኔ ራሴ ስትመጣ መንገድ እቀይራለሁ። አንድ ጠዋት ተቅዋን ይዛ፣ ጆንያዎቿን ጭና፣ ወደ ባሕር ዳር ተሻገረች። ቁንዝላ ውስጥ እስከ ዛሬ በዋጋ ተስማምቶ የሚያፈርስ ሰው ሲገኝ «የዘይነት ቃል ሰጠኝ» ይባላል። ወንድሜ ኪሩቤልም ይላል። ሲል ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

አባቴን አዲሶቹ ሰዎች የደርግ ሊቀመንበር ነህ ብለው ጥቂት አስረው ለቀቁት። ከዚያ በኋላ ረጅም ዓመት ኖሯል፣ መኪናውን እየረገጠ፣ ነገር አልወድም እያለ። እኔን ዛሬም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ስለ ዓሣ ያን ሁሉ ወር የተናገረ ሰው አንዲት ዓረፍተ ነገር መናገር አቅቶት ሞተ። «ሴትዮዋ መሐላዋን ያፈረሰችው ለልጆቻችን ነው» ማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል?

እኔ የገባኝ አምና ነው፣ ያውም ስብሰባ ላይ። አንድ የሥራ ባልደረባችን ስለ ባጃጅ ማቆሚያ ጠዋቱን ሙሉ ሲናገር ዋለ። ቀጣዩ አጀንዳ የሰው ቤት ማፍረስ ነበር። ሰውዬው ውሃ ይጠጣል፣ አፉን ይጠርጋል፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየት ያደርጋል። አባቴ በመስኮቱ ወደ ሐይቁ አየት የሚያደርገው ነፋሱን ለማየት ኖሯል! ስብሰባውን ጥዬ ወጣሁ።

ተቅዋ ባሕር ዳር ገበያ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ እንዳላት አውቅ ነበር፤ አልፎ አልፎ እንገናኛለን፣ ስለ ልጆቻችን እናወራለን፣ ስለዚያ ቀን አናወራም። እናቷ ከሱቁ ኋላ ተቀምጣ ነበር። አርጅታለች፣ ዓይኗ ግን ያው ነው። ቁጭ ከማለቴ ጠየቅኋት።

«እትዬ፣ ከአባቴ ጋር ተነጋግራችሁ ነበር?»

«ማን? እኔና አባትሽ? በፍጹም» አለችኝ። «መጀመሪያ ቀን የእውነት ተጣላን። እኔም አልፈራሁት፣ እሱም አልተወኝ፣ መርከቡ ጥሎን ሄደ። በሁለተኛው ስብሰባ ቆጡን ሲያነሣ አየኝ፤ እኔም አየሁት። በቃ። ከዚያ ያ ቀሚስ መጣ፤ እሱንም ያመጣችው እናትሽ ናት፣ እሷም አልተናገረችም።»

«እርስዎ ወንድ ልጅ አልነበረዎትም።»

«የለኝም። ታዲያ?»

ከሱቁ ወጣሁ። ወደ ኪሩቤል ሄጄ ነገርሁት። ፀጉሩ የሸበተ፣ የአራት ልጆች አባት ነው፤ ሰምቶ ሲጨርስ «ቀበሌው የሚሰበሰበው መቼ ነው?» አለኝ። በሚቀጥለው የቀበሌው ስብሰባ ቀን አብረን ቁንዝላ ሄድን። አዳራሹ ታድሷል። ሊቀመንበሩ ወጣት ልጅ ነው፤ ኪሩቤል እጁን ሲያወጣ «አጀንዳ ውስጥ የለም፤ ልዩ ልዩ ላይ ያቅርቡት» አለው። ስለ ማዳበሪያ ተሰማ፣ ስለ መብራት ተሰማ፣ ስለ ውሾች ተሰማ፤ ያው ውሾች። ልዩ ልዩ ላይ ሲደረስ ግማሹ ሰው ወጥቷል። ኪሩቤል ቆመና አባታችን ያቃተውን ያቺን ዓረፍተ ነገር ተናገረ። 

አሪፋ፣ የፈሀድ እናት፣ በልጅ ልጇ ተደግፋ ብድግ አለች። እጅግ አርጅታለች።

«እሱንማ እናውቃለን፣ ልጄ» አለች። «ያኔውኑ እናውቅ ነበር። እኔ ልጄን አትርፋልኛለች፣ በየሶላቴ ዱዓ አደርግላታለሁ። መሐላ ግን መሐላ ነው።»

ሌሎቹ አሮጊቶች ራሳቸውን ነቀነቁ። ሊቀመንበሩ «ሌላ ከሌለ» ብሎ ዘጋው። እኔ የተናገርሁትን እዚህ አልጽፈውም፤ ለመጻፍ እንኳ የሚያሳፍር ነው፣ ኪሩቤል ነው እጄን ይዞ ያስወጣኝ። ያውቁ ነበር! ልጆቻቸውን አሳድገው፣ ድረው፣ የልጅ ልጅ ታቅፈው፣ ስሟን እያጠፉ፣ ያውቁ ነበር።

በማግሥቱ ኪሩቤልን ይዤ ሱቁ ገባሁ። ተቅዋ ወንበር አመጣችለት፤ አልተቀመጠም፤ እትዬ ዘይነት እግር ሥር በርከክ አለ። አሪፋ ያለችውን አንድም ሳላስቀር ነገርኋት። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም።

«በእኛ ሃይማኖት መሐላ ያፈረሰ ድሀ ያበላል» አለች። «ድሀ ላበላ እንዳልል ያኔ የሚገዛኝ አልነበረም፣ እኔው ድሀ ሆኛለሁ። ላጣ ሰው ደግሞ ሦስት ቀን መጾም ነው። ጾምሁ። ከአላህ ጋር በዚያው ጨረስሁ።» የኪሩቤልን ራስ በእጇ ነካ አደረገችው። «ቁንዝላ ናት ይኸው እስከ ዛሬ የምታስጾመኝ።»

ከዚያ ቀና በል ብላ ልጆቹ ስንት እንደ ደረሱ ጠየቀችው።